ከገደሉ እስከ መደርደሪያው፦ የውርጭ ምድር አበቦች ስም የሚያገኙበት መንገድ

በአንኮበር ዙሪያ ባሉ ገደሎች ላይ ግንዱን ወደ ታች ለቆ፣ ተንጠልጥሎ የሚያብብ የሬት ዓይነት አለ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አንኮበር ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ ስንት የውጭ መንገደኛ የረገጣት ከተማ ናት እንጂ የተደበቀች መንደር አይደለችም። በ1841 የእንግሊዙ የካፒቴን ሐሪስ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ ዮሃንስ ሮት የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ አብሯቸው ነበር፤ ዕፅዋትም ሰብስቦ ሄዷል። ከእንሶስላ ወገን የሆነች አንዲት የደጋ አበባ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። የገደሉ ሬት ግን ማይክል ጊልበርትና ሰብስቤ ደምሰው አሎ አንኮበረንሲስ ብለው እስኪያሳትሙት፣ እስከ 1997 ድረስ፣ ሳይንሳዊ ስም አልነበረውም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው መዘግየት በሬት ወገን የተለመደ ነው። ቅጠሉ ውሃ የሞላው ነው። ሰብሳቢው ተክሎቹን በጋዜጣ መሀል አስገብቶ፣ በእንጨት መጫኛ አጥብቆ ሲያደርቅ ሣሩና ቅጠላ ቅጠሉ በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ሬቱ ግን ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ይሻግታል፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ያለበት ሰብሳቢ ወፍራም ቅጠል ያለውን ተክል አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይቀናዋል። በዚያ ላይ ገደል ሲጨመርበት ለማለፍ ሌላ ሰበብ አያስፈልግም።

“አዲስ ዝርያ ተገኘ” የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን ማንም ያልረገጠው ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አበባ የሚያነሳ ሰው ነው። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ የለም አይባልም። በአብዛኛው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዳንኤል ቤበርና ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡት፣ በሙያው ውስጥ ብዙ የሚጠቀስ ጥናት፣ አዲስ ተብለው የተሰየሙ ዕፅዋትን ናሙና መቼ እንደተሰበሰበ ወደ ኋላ ተከትሎ አየ። በተሰበሰቡ በአምስት ዓመት ውስጥ የተሰየሙት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ወደ ሩብ የሚጠጋው ስያሜ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናሙናዎችን ይዟል። ገና ስም ካላገኙት የዓለም ዕፅዋት ከግማሽ የሚበልጡት አሁኑኑ በአንዱ ወይም በሌላው ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) መደርደሪያ ላይ ሳይኖሩ አይቀሩም የሚል ግምትም አስቀምጧል።

ስለዚህ የከፍተኛ ተራራ አዲስ ዝርያ ከግኝትነቱ ይልቅ ውሳኔነቱ ያይላል ባይ ነኝ። አንድ ሰው ብዙ የደረቁ ናሙናዎችን ጎን ለጎን ዘርግቶ “ይህ ከዚያ ይለያል” ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱን ያሳትማል፤ ሌላው ይቀበለዋል ወይም ይሽረዋል። ተራራው የሚገባበት ማስረጃውን በማቅረብ ነው። ማስረጃው ምን ያህል ሙሉ እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ለመፍረድ የሚበቃ ዓይን ያለው ሰውስ ስንት እንደሆነ ካላየን የአበቦቹን ታሪክ አናውቀውም።

ማስረጃው ወረቀት ላይ የተለጠፈ ተክል ነው። ወረቀቱ ወፍራምና ነጭ፣ ቁመቱ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 28 ያህል። ከቀኝ በታች ጥጉ ላይ መለያ ጽሑፍ ይለጠፍበታል፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም፣ የሰብሳቢው ተራ ቁጥር፣ የአበባው ቀለም። ቀለሙ የሚጻፈው ስለሚጠፋ ነው፤ ቀዩም ሰማያዊውም ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል። ሽታው፣ ከድንጋይ ሥር ይሁን ከረግረግ ዳር መብቀሉ፣ ወፍ ትቅሰመው ንብ፣ ካልተጻፈ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። በጥሩ መለያ የተደገፈ ደካማ ናሙና፣ መለያው “ሐበሻ፣ ተራራ ላይ” ብቻ ከሚል ያማረ ናሙና ይሻላል።

አሁን የውርጩን ግዙፍ ተክል፣ ጅብራን፣ እዚህ ወረቀት ላይ ለጥፉ ቢባልስ? አበባውን የሚሸከመው ዘንግ ብቻውን ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከነግንዱ ከአምስት ሜትር የሚያልፍ አለ። ሰብሳቢው አንድ ቅጠል አጥፎ፣ ጥቂት አበባ ቆርጦ፣ ቢበዛ ከዘንጉ ቁራጭ ጨምሮ ይሄዳል። ፍራንክፈርት ወይም ፓሪስ የተቀመጠው ሊቅ የሚፈርደው በቁርጥራጩ ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ኖሮ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል መሆኑን ወረቀቱ አይናገርም።

የጅብራ ሳይንሳዊ ስም ታሪክም ይህንኑ ይመስላል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ተራሮች ድረስ ዘልቆ የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ፍራንክፈርት ላይ ያጠናው ፍሬዜኒዩስ፣ ይህ ከሚታወቁት ወገኖች የማይገጥም ነው ብሎ በ1838 ሪንኮፔታሉም ሞንታኑም የሚል አዲስ ወገን አቋቋመለት። (ወገን የምለው ሳይንቲስቶች ጂነስ የሚሉትን፣ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበትን ነው።) ሌሎች ደግሞ ቱፓ ከሚባሉት የደቡብ አሜሪካ ተክሎች ጋር ቆጠሩት። በ1877 እንግሊዛዊው ሄምስሊ ወደ ሎቤሊያ አዛወረው። እዚያ ሲገባ “ሞንታና” የሚለው ቅጽል በአንድ የእስያ ሎቤሊያ ቀድሞ ተይዞ ነበር፤ በአንድ ወገን ውስጥ ሁለት ተክል አንድ ስም አይይዝም። በመሆኑም ሎቤሊያ ሪንኮፔታሉም ተባለ። በዚህ ሁሉ ዝውውር ሰሜን ተራራ ላይ ያለው ጅብራ ቅንጣት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዎቹ ግምት ነው።

ከሩፔል የሚልቅ ሥራ የሠራው ዊልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 ኢትዮጵያ ሲገባ ኤስሊንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ ሆህሽቴተርና ሽቶይደል ያቋቋሙት ማኅበር ልኮት ነበር። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው፦ አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሰብሳቢ ይላካል፣ የሚመጣው ናሙና ለአባላት ይከፋፈላል። ሺምፐር ግን ተልኮ የሚመለስ ሰው አልነበረም። የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ የእንጥጮን አገር እንዲያስተዳድር ሰጡት፤ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ በ1868 ከዚያ ከወጣም በኋላ እዚሁ ቀርቶ በ1878 አድዋ ሞተ። በሰሜን ተራሮች የለቀመው ብዛት አሁንም ያስደንቃል። ጦስኙ፣ ኮሸሽላው፣ በውርጩ መሬት ላይ ተጣብቃ የምትበቅለው ቢጫ አበባ፣ ሁሉም “ሺምፐሪ” የሚል ቅጥያ አላቸው። ጭነቱን ስለተሸከሙት፣ መንገዱን ስለመሩትና “ይሄ እዚያ ማዶ አለ” ብለው ስለጠቆሙት ሰዎች ግን መለያ ወረቀቶቹ የሚሉት የለም። በዚያ ዘመን የዕፅዋት ሰብሳቢ ብቻውን ራስ ደጀን አይወጣም ነበርና ይህ ዝምታ ሊታወቅ ይገባል።

የሺምፐር አንድ ልማድ በኋላ ለሙያው ሁሉ መዳኛ ሆነ። ከአንድ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ እየወሰደ፣ በአንድ ቁጥር ብዙ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር፤ ማኅበሩ የሚያከፋፍለው ያንን ነው። ማርች 1 ቀን 1943 ሌሊት በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ የከተማዋ ታላቅ ሄርባሪየም ተቃጠለ፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ናሙናዎችም አብረው ነደዱ። እዚህ ላይ ታይፕ ስለሚባለው ነገር አንድ ቃል መጨመር ግድ ነው። እያንዳንዱ የዕፅዋት ስም ከአንድ የተወሰነ ናሙና ጋር ታስሮ ይኖራል፤ “ይህ ስም የማን ነው?” የሚል ክርክር ሲነሳ ዳኛው መጽሐፉ ላይ የተጻፈው መግለጫ ሳይሆን ያ ናሙና ነው። ናሙናው ሲቃጠል ስሙ መልሕቁን አጣ ማለት ነው። በሺምፐር ተክሎች ግን የዚያው ቁጥር ወንድሞች በፓሪስ፣ በለንደኑ ኪው፣ በሽቱትጋርት ስለነበሩ ሊቃውንት ከነዚያ መካከል ተተኪ እየመረጡ ስሞቹን መልሰው አሰሩ። ይህ ሥራ ዛሬም አላለቀም፤ በአንድ ቁጥር ሥር ሁለት ዓይነት ተክል ተቀላቅሎ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ የትኛው ቅርንጫፍ ስሙን ይውሰድ የሚለው ራሱን የቻለ ሙግት ነው።

የመጀመሪያውን ጠቅላላ የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ የጻፈው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር አገሩን አላያትም። ከ1847 እስከ 1851 ያሳተመው በሌሎች ላብ፣ እንዲያውም በሌሎች ሕይወት ነው። ከፈረንሳዊው ሌፌቭር የጥናት ጉዞ ጋር ከመጡት ሁለት ሐኪሞች ካርቴን ዲዮን በ1840 ሞተ፤ ፐቲን ደግሞ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ከዚያ ወዲህ ያለው መቶ ዓመት በአብዛኛው የማጠራቀም ዘመን ነው፤ የዕፅዋት ሊቁ የኩፎዶንቲስ ትልቅ ዝርዝር ከ1953 እስከ 1972 በቁራጭ በቁራጭ ሲወጣ የተበታተነውን ስም ሁሉ አንድ ቦታ ሰበሰበ እንጂ ተክሎቹን ዳግም አልመረመረም።

ነገሩን ወደ አገር ቤት ያመጣው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ሄርባሪየሙ በ1959 ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ፕሮጀክት ደግሞ በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀመረ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሠረቱን ከጣሉት ሲሆኑ፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልበሳ፣ መስፍን ታደሰ እና ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ በአርታኢነትና በጸሐፊነት ለዓመታት ደክመውበታል። የፕሮጀክቱ ውጤት የሆነው የዕፅዋት መዝገብ፣ ፍሎራው፣ ስምንት ቅጽ ነው፤ አንዳንዱ ለሁለት ስለተከፈለ አሥር መጽሐፍ ይሆናል። የመጨረሻው በ2009 ወጣ። 6,000 ያህል ዝርያዎችን ይዟል፤ ከእነዚህ አንድ አሥረኛ ገደማው በሁለቱ አገሮች ብቻ የሚገኙ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ “እንግዲህ ታወቀ” የሚል ስሜት ተፈጥሮ ነበር፤ እኔ ግን ፍሎራውን የማየው በቅጡ መጠየቅ የሚቻልበት መነሻ አድርጌ ነው። ከፍሎራው በፊት አንድ እንግዳ ተክል ያገኘ ሰው አዲስ መሆኑን ለማወቅ አውሮፓ መሄድ ነበረበት። አሁን አራት ኪሎ መደርደሪያውን ከፍቶ ማስተያየት ይችላል።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ወሰን የት ነው? በየትኛውም ቦታ አከራካሪ ነው፤ ተራራ ላይ ግን ይብሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ እሱም አንድ ወጥ አይደለም። ሰሜን ተራሮች፣ ጉና፣ ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ በአንድ ወገን፣ ባሌና አርሲ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፤ ከዚያ ደግሞ ርቀው ኬንያ፣ ኪሊማንጃሮ፣ ሩዌንዞሪ። ለውርጭ ተክል በመካከል ያለው ቆላና ወይና ደጋ ከባሕር አይለይም። ቀን ፀሐይ እያቃጠለ ሌሊት የሚቀዘቅዘው አየር በየጫፉ አንድ ስለሆነ ተክሎቹም ይመሳሰላሉ፤ ስለተለያዩ ግን ቀስ በቀስ ይራራቃሉ። እንግዲህ የሰሜኑና የሌላው ተራራ ተክል በቅጠል ጠጉር ብዛትና በአበባ መጠን ብቻ ቢለያዩ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ?

በ1948 የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች የዞረው ስዊድናዊው ኦሎቭ ሄድበርግ በ1957 ባሳተመው ጥናት ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓቱ ያዘው። ከእሱ በፊት እያንዳንዱ ተራራ የወጣ ሰው ያገኘውን ሁሉ አዲስ ዝርያ እያለ ሲሰይም ስለኖረ፣ የእሱ ሥራ ትልቁ ክፍል ስም መሰረዝ ነበር። ከስም ማውጣት ይልቅ ስም መሰረዝ እውቀት የሚጠይቅ ሥራ ይመስለኛል፤ ምስጋናው ግን ለአውጪው ነው።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የማይበቅሉት የኬንያና የኪሊማንጃሮ ግዙፍ ሴኔሲዮዎች የክርክሩ መድረክ ሆነዋል። በ1973 ማበርሊ አጣምሮ ወደ ጥቂት ዝርያዎች አወረዳቸው። ኖርደንስታም በ1978 ዴንድሮሴኔሲዮ ብሎ የራሳቸው ወገን አደረጋቸው። ኤሪክ ኖክስ ደግሞ 11 ዝርያ ናቸው ብሎ ቆጠራቸው። ኖክስና ፓልመር በ1995 ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሲያዩ ተክሎቹ ከተራራ ተራራ የተዛመቱት በቅርብ ዘመን መሆኑን አገኙ። ያ ደግሞ ጭቅጭቁን ያብራራል፤ ገና በመለያየት ላይ ያለን ነገር አጣማሪውም ከፋፋዩም እንደ ዓይኑ ያየዋል።

የሰሜኗ ፕሪሙላ ለእኛ የቀረበች ምሳሌ ናት። ውሃ በሚንጠባጠብበት ቋጥኝ ላይ ቢጫ አበባዋን በዘንጓ ዙሪያ ደርብ በደርብ አድርጋ የምታብበውን ይህችን ተክል ከሺምፐር ናሙናዎች ላይ ሆህሽቴተር ፕሪሙላ ሲመንሲስ ብሎ ሰይሟት ነበር። በኋላ የመጡት ቀይ ባሕር ማዶ የመን ውስጥ ካለችው ፕሪሙላ ቨርቲሲላታ ጋር አስተያይተው የዚያችው ንዑስ ዝርያ አደረጓት። ታዲያ በአገራችን ብቻ ከሚገኙ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ትግባ ወይስ አትግባ? የሚወሰነው በአንድ ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ በማለት ነው፤ ለጥበቃ የሚሰጠው ትኩረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን ይከተላል። የምደባ ሥራ ንጹሕ ጽንሰ ሐሳብ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህች ፕሪሙላ መልስ ትሆናለች።

ዲ.ኤን.ኤ. ሲመጣ ብዙው ሰው ክርክሩ ያበቃል ብሎ ነበር። አላበቃም፤ ግን ሌላ ነገር አሳየን፦ ተክሎቹ ከየት እንደመጡ። አራቢስ አልፒና የተባለችው ነጭ አበባ ያላት የጎመን ቤተሰብ ተክል ከአውሮፓ ተራሮች እስከ እኛ ድረስ አለች። መነሻዋ ትንሿ እስያ ሲሆን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሁለት ጊዜ፣ ለየብቻ መግባቷን ማርከስ ኮህና ባልደረቦቹ በ2006 አሳዩ፤ በቀጣዩ ዓመት ስለሺ ነሞምሳ ያሉበት የኢትዮጵያና የኖርዌይ ቡድን በአፍሪካ ተራሮች ላይ ያለውን ታሪኳን በዝርዝር ተከታተለ። የጅብራን ዘመዶች ደግሞ ኖክስና ሊ በ2017 እስከ ምሥራቅ እስያ ድረስ ተከትለዋቸዋል። የእኛ ነው የምንለው ነገር መነሻው እንዲህ ሩቅ ሆኖ ሲገኝ ቅር የሚለው ሰው አለ፤ እኔን ግን ያስደስተኛል። ደርሶ፣ በዚህ ብርድ ውስጥ የተለወጠው እዚህ ነውና።

በሌላው ዓለም ያለው ልምድም የዲ.ኤን.ኤ.ን ኃይልና ወሰን ያሳያል። የአልፕስ ተራሮች ሦስት ክፍለ ዘመን ሙሉ የተጠኑ፣ ድንጋዩ ሳይቀር ስም ያለው አገር ናቸው። ሆኖም በ2021 ፍሎሪያን ቡሼና ባልደረቦቹ ከጫፎቹ ላይ ሦስት አዳዲስ የአንድሮሳሴ ዝርያዎችን ሰየሙ፤ አንዷ በሞን ብላን ላይ የምትገኝ ሆና በጥንቱ የተራራ ተመራማሪ በሶሱር ስም ተጠራች። ተክሎቹ ሳይታዩ ቀርተው አይደለም። በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ የተቀመጡ ትንንሽ ትራስ መሰል ነገሮች ስለሆኑ ከታወቁት ዝርያዎች ጋር አብረው ተቆጥረው ኖረዋል። ልዩነታቸውን ያሳየው ዘረመላቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይንም ልዩነት ማየት ጀመረ።

አንዲስ ላይ ግን ዲ.ኤን.ኤ. ራሱ ግራ ይጋባል። የሉፒን ወገን ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 80 ወደሚሆኑ ዝርያዎች ተባዝቷል፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት በዘረመሉ ውስጥ በቂ ምልክት አይተውም። የኤስፔሌቲያ ዝርያዎች ደግሞ እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። በአውሮፓ አልኬሚላ ያለ ፅንሰት ዘር ስለሚሰጥ እያንዳንዱ የዘር ሐረግ በራሱ ይቆማል፤ ከፋፋዮቹ ለእነዚህ በመቶዎች የሚቆጠር ስም አውጥተዋል፣ ሊለያቸው የሚችል ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በአፍሪካ ተራሮችም በክርስቲያን ብሮክማን የተመራው የኦስሎ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ያካሄዳቸው ጥናቶች መዳቀል ከታሰበው በላይ መብዛቱን፣ የየተራራው ተክሎች የዘረመል ብዝኃነትም ዝቅተኛ መሆኑን አሳይተዋል።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ ወደ አጣማሪዎቹ አደላለሁ፤ በጭፍን ግን አይደለም። መልክ፣ ዘረመልና መኖሪያ ከሦስቱ ሁለቱ ሲስማሙ ይለይ፤ አንዱ ብቻ ሲናገር ይቆይ። በሰሜንና በባሌ ያለው ጅብራ ዛሬ አንድ ዝርያ ተብሎ ይቆጠራል፤ ስምጥ ሸለቆ መሀል ስላለ ብቻ ሁለት እናድርገው የሚል ሰው ቢመጣ ርቀቱን ሳይሆን አበባውን እንዲያሳየን እንጠይቀዋለን።

የአካባቢው ሰው ምደባ በዚህ ጉዳይ ላይ ይረሳል፣ ወይም በተቃራኒው እንደ ተአምር ይወደሳል። ሁለቱም አይጠቅምም። የደጋ ሰው አስታን፣ አምጃን፣ ጓሳን ከሩቅ ይለያል፤ የሚለየው ግን የሚሠራበትን ነው፦ ማገዶ፣ የቤት ክዳን፣ መድኃኒት፣ ለሻይ የሚሆን። ገበያ ላይ ጦስኝ ተብሎ የሚሸጠው በሳይንሱ ዓይን ቲሙስ ሺምፐሪና ቲሙስ ሴሩላቱስ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ነው፤ ገዢው ሻዩ እስከጣፈጠ ድረስ ግድ የለውም። ለጥበቃ ግን ግድ ይላል፤ ከሁለቱ አንዱ ከአንድ አካባቢ ተለቅሞ ቢያልቅ የገበያው ስም አይነግረንም። በሌላ በኩል ሰብሳቢ ከመጽሐፍ የማያገኘውን፣ የትኛው ቋጥኝ ሥር በየትኛው ወር ምን እንደሚያብብ፣ እረኛው ያውቃል። የናሙና መለያ ላይ የነገረው ሰው ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይጎዳል?

የስም ሕጉም እየተለወጠ ነው። ከ1935 ጀምሮ አዲስ ዝርያ በላቲን ካልተገለጸ ስሙ አይጸናም ነበር፤ በ2012 ላቲን ወይም እንግሊዝኛ ይበቃል ተባለ። ብዙ ወጣት ተመራማሪ በዚያ ቀን ሳይገላገል አልቀረም። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ “ካፍራ” የሚለው፣ ለጥቁር አፍሪካውያን ስድብ የሆነ ቅጽል፣ ከዕፅዋት ስሞች ላይ ወጥቶ “አፍራ” በሚል እንዲተካ ወሰኑ። የእኛዎቹ “አቢሲኒካ” የሚባሉት በዚህ አልተነኩም፤ ባይነኩም ይሻላል። ቀጋንና ኮሶን የሚያህሉ ተክሎችን ስም መለዋወጥ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል። ኮሶማ ገና ድሮ ተለውጦበታል፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በወዳጁ በባንክስ ስም ጠርቶት ነበር፤ ያ ስም በሌላ ተክል ተይዞ ስለተገኘ ጀርመናዊው ግመሊን በ1791 በሐገን ስም ሐጌኒያ አለው፤ ሐገን ኬኒግስበርግ ይኖር የነበረ ሰው ነው።

ጊዜው ግን እንደ ድሮው አይጠብቅም። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ስሌት የአየር ንብረቱ በብርቱ ቢለወጥ በ2080 ለጅብራ የሚመች ሆኖ የሚቀረው ከዛሬው መኖሪያው 3.4 በመቶ ብቻ ነው። ሙቀት ሲመጣ የደጋው ተክል ወደ ውርጩ ይወጣል፤ የውርጩ ተክል ከጫፉ በላይ የሚወጣበት የለውም። የኪው ተቋም በ2023 ባወጣው ዘገባ ገና ስም ካላገኙ ዕፅዋት ከአራት ሦስቱ ለመጥፋት የተጋለጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሏል። ስም የሌለው ተክል ሲጠፋ የጠፋበት መዝገብ እንኳ አይኖርም።

በእኛ በኩል ያለው ክፍተት ከመሣሪያ ይልቅ የሰውና የመንገድ ነው። የሰሜንና የባሌ ፓርኮች በተመራማሪ እግር የተረገጡ ናቸው፤ ባሌ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ትኩረቱ ይጨምራል። ጮቄ፣ ጉና፣ አቡነ ዮሴፍ ግን፣ ሦስቱም ከ4,000 ሜትር የሚያልፉ ሆነው፣ ያን ያህል አልታዩም። ሰብሳቢ ደግሞ መኪና እስከሚገባበት ይሄዳል፣ የክረምቱ ጭቃ ሲያልቅ ይወጣል፤ በዝናቡ መሀል አብቦ የሚረግፈው ያመልጠዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጸጥታው ነገር ሲጨመርበት በአንዳንዶቹ ተራሮች የመስክ ሥራ ጭርሱን ቆሟል ማለት ይቻላል። የዘረመል ምርመራ ገንዘብ ከውጭ ሲገኝ ቶሎ ይገኛል፤ አንድ ጀማሪ ባለሙያ የአንድን ቤተሰብ ተክሎች አሥር ዓመት ሙሉ ሲያይ የሚከፍለው ግን የለም። የሣር ቤተሰብን ወይም የኮሸሽላን ወገን ከልብ የሚያውቅ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚተካው እስኪገኝ መደርደሪያው ላይ “ያልተለየ” ተብሎ የሚቀመጠው ጥራዝ ይወፍራል። ጥራዙ ውስጥ በሐምሌ የተሰበሰበ ነገር ጥቂት ነው፤ አዲሶቹ ዝርያዎች ካሉ በዋናነት የምጠብቃቸው ከዚያ ወር፣ ከእነዚያ ሦስት ተራሮች ነው።